ለኢሜይል ፕሮግራማችን ሠሪዎች፦ «ተልኳል» ስትሉ የተላከ ይሁን

ለ፦ በቢሮ ኮምፒውተራችን ላይ የተጫነውን የኢሜይል ፕሮግራም ለሠራችሁና ለምታድሱ ሁሉ

ጉዳዩ፦ ሳይላክ ተልኳል ስለሚባል ደብዳቤ



የድርጅታችሁን ስም በዚህ ደብዳቤ ላይ አላሰፈርኩም። በአደባባይ ላዋርዳችሁ አልፈልግም። ደግሞም የማነሣው ችግር የእናንተ ብቻ አይደለም፤ ጎረቤታችን ያለው ቢሮ የሌላ ድርጅት ፕሮግራም ይጠቀማል፣ ሮሮው ግን ያው ነው። ይህን የሚያነብ ሌላ የኢሜይል ፕሮግራም ሠሪ ካለ ለእሱም እንደተጻፈ ይቁጠረው።

እኛ የጉምሩክ አስተላላፊዎች ነን፤ ገበያው በሚያውቀን ስም ትራንዚተሮች። ሰው ዕቃ የምናጓጉዝ ይመስለዋል፤ ውሎና አዳራችን ግን ከወረቀት ጋር ነው። ቢል ኦፍ ሎዲንግ፣ ኢንቮይስ፣ ፓኪንግ ሊስት፣ የባንክ ፈቃድ፣ የኢንሹራንስ ሰነድ፤ ከላኪው አገር፣ ከአስመጪውና ከመርከብ ወኪሉ ወደ እኛ ይመጣል፣ ከእኛ ደግሞ ወደ ጅቡቲና ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይሄዳል። ኮንቴይነር ከተሰጠው ነፃ ቀን በላይ ከቆየ ዲመሬጅ ይቆጠርበታል፤ የሚቆጠረውም በዶላር ነው። አንድ ኢሜይል ዓርብ ማታ መሄዱና ሰኞ ጠዋት መሄዱ ምን ልዩነት እንዳለው አስመጪውን ጠይቁት።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም የአንድ ዓርብ ማታ ጉዳይ ነው። የሥራ ባልደረባዬ የተስተካከለ ሰነድ አያይዛ ለጅቡቲው ወኪል ላከች። መስኮቱ ተዘጋ፤ ከሥር በኩል «መልእክትዎ ተልኳል» የሚል ጽሑፍ ብልጭ ብሎ ጠፋ። እሷም ኮምፒውተሯን ዘግታ ወጣች። ሰኞ ወኪሉ ሲጠየቅ ምንም አልደረሰንም አለ። ሲፈለግ ደብዳቤው፣ ገና ያልሄዱ ደብዳቤዎች በሚቆዩበት አውትቦክስ ውስጥ ተገኘ። ከፊቱ ከሰዓት በኋላ የተላከ፣ ትልቅ ስካን የተያያዘበት ሌላ ደብዳቤ ተቀርቅሮ መንገዱን ዘግቶበታል። ፕሮግራሙ ሲዘጋም «ያልተላከ ደብዳቤ አለዎት» የሚል ቃል አልወጣውም።

አልሄደም ብሎ ቢናገር ኖሮ ስልክ ደውላ ትነግራቸው ነበር፤ ወይም ሰነዱን በስልኳ ፎቶ አንሥታ በቴሌግራም ትልከው ነበር። መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይቋረጣል፣ ኮምፒውተር ይታመማል፤ ይህን ከእናንተ በላይ እናውቀዋለን፣ መላውም አለን። ያልሠራውን ሠርቻለሁ ለሚል ፕሮግራም ግን መላ የለንም።

የምጠይቀው አዲስ ነገር እንዳልሆነ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ጆን ፖስቴል እ.ኤ.አ. ኦገስት 1982 ባወጣው፣ ኤስኤምቲፒ በሚባለው የኢሜይል መላኪያ ሥርዓት፣ ላኪው ደብዳቤውን ከጨረሰ በኋላ አንዲት ነጥብ ብቻ ያለችበት መስመር ይልካል፤ ተቀባዩ ሰርቨር ደብዳቤውን ከተረከበ 250 የሚል ቁጥር ይመልሳል። ከዚያች ቁጥር ወዲህ ኃላፊነቱ የሰርቨሩ ነው። በመሥሪያ ቤቶቻችን ተላላኪ ደብዳቤ ሲያደርስ የመላኪያ መዝገቡን ዘርግቶ ያስፈርማል፤ ፊርማ ከሌለ ሺህ ጊዜ ሰጥቻለሁ ብሎ ቢምል እንዳልደረሰ ይቆጠራል። 250 ያቺ ፊርማ ናት። የእናንተ ተላላኪ ግን ከግቢው በር ሳይወጣ አድርሻለሁ ይላል።

ተቃራኒውም ያጋጥመናል። ሰርቨሩ ደብዳቤውን ተረክቦ 250 ሊመልስ ሲል መስመሩ ከተቋረጠ ፕሮግራሙ መረከቡን አያውቅም፤ ስለዚህ ደግሞ ይልካል። ክሬግ ፓርትሪጅ ይህንኑ ችግር እ.ኤ.አ. በ1988 ለብቻው አንሥቶ ጽፎበታል። ያቀረበው መፍትሔ ሰርቨሩ ቶሎ እንዲመልስ የሚያሳስብ ስለሆነ በዚህ በዋናነት እናንተን አልወቅስም። ግን አስመጪው አንድ ኢንቮይስ ሦስት ጊዜ ሲደርሰው ክፍያው ሦስት ነው ወይ ብሎ የሚደውለው ለእኔ ነው። ፕሮግራሙ መጠራጠሩን ቢነግረኝ፣ «ይህ ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ደርሶ ሊሆን ይችላል» ቢለኝ፣ ቀድሜ እደውልለት ነበር።

ከሁሉ የሚገርመው ግን «የተላኩ» የሚለው ማኅደር ነው። አይማፕ በሚባለው የመቀበያ ሥርዓት ስንሠራ ፕሮግራሙ አንዱን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ይጭናል፤ አንዴ ለተቀባዩ እንዲሄድ፣ አንዴ ደግሞ ቅጂው ሰርቨሩ ላይ እንዲቀመጥ። 10 ሜጋባይት የሆነ ስካን በኢሜይል ለመሄድ ቤዝ64 በሚባለው አሠራር ወደ ጽሑፍ ሲቀየር በሲሶ ያድጋል፤ ከ13 ሜጋባይት ያልፋል። ሁለቴ ሲጫን 27 ገደማ ነው። የኢንተርኔት ጥቅል ገዝቶ ለሚጠቀም ቢሮ ይህን አስሉት። ከዚያም ደብዳቤው ተቀባዩ እጅ ገብቶ ሳለ፣ ቅጂውን የማስቀመጡ ሁለተኛ ጉዞ መሐል ላይ ይቋረጥና ፕሮግራሙ «መላክ አልተቻለም» ብሎ ይጮኻል። ሰውየው ደግሞ ይጫናል። ያልሄደውን ሄደ፣ የሄደውን አልሄደም የሚል ነገር ጠረጴዛችን ላይ አስቀምጠን ነው የምንውለው።

ሲቀበልም ከዚህ አይሻልም። ፖፕ3 በሚባለው ሌላው የመቀበያ ሥርዓት ትልቅ አታችመንት ሲመጣና ሊያልቅ ሲል መስመር ሲቋረጥ፣ ሥርዓቱ ካቆሙበት መቀጠልን ስለማያውቅ ከዜሮ ይጀመራል፤ ከበስተኋላው ያሉት ትንንሽ ደብዳቤዎችም እስኪያልቅ ይጠብቃሉ። ሥርዓቱ ግን የደብዳቤውን ራስጌና የመጀመሪያ መስመሮች ብቻ አምጣ የሚባልበት ትእዛዝ አለው። አይማፕም አንዱን ደብዳቤ ቆራርጦ ለማምጣት ይፈቅዳል። ትንንሾቹን አስቀድሙ፣ ትልቁ ሲመጣ ላኪውንና መጠኑን አሳይታችሁ አሁን ላውርደው ወይስ ይቆይ ብላችሁ ጠይቁን። ይህ ብቻ ቢሆን ግማሹ ጠዋታችን ይመለስልናል።

ስለዚህ ሁሉ ስንጽፍላችሁ ከድጋፍ ክፍላችሁ የሚመጣው መልስ «በብራውዘር ቢጠቀሙስ?» የሚል ነው። ዴስክቶፑን የሙጥኝ ያልንበት ምክንያት አለን። ደብዳቤው በራሳችን ዲስክ ላይ ይቀመጣል። ኔትወርክ ሳይኖር የዛሬ ሦስት ዓመቱን ቢል ኦፍ ሎዲንግ ፈልገን እናወጣለን። መስመር በሌለበት ሰዓት መልስ ጽፈን እንደረድራለን፣ መስመሩ ሲመለስ ይሄዳል።

ኢሜይል አዲስ አበባ የገባውም በዚሁ መንገድ ነው። ኢንተርኔት ገና ሳይደርሰን፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ ፊዶኔት በተባለው አሠራር ኢሜይል ያስተላልፍ ነበር። ደብዳቤው ይጠራቀማል፣ ሰዓቱ ሲደርስ በስልክ መስመር ይደወላል፣ ያለው ተልኮ የመጣው ይወሰዳል፣ ስልኩ ይዘጋል። ቴሌ ኢንተርኔት ማቅረብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው፤ ያኔም በሞደም እየተደወለ ነበር። በዚያ ዘመን በዓለም ስመ ጥር የነበረው ዩዶራ፣ ስቲቭ ዶርነር እ.ኤ.አ. በ1988 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው ፕሮግራም፣ ደብዳቤን ወደ ራስ ኮምፒውተር አውርዶ፣ መስመር ዘግቶ ማንበብንና መጻፍን ለብዙ ሰው ያስለመደ ነው። የዛሬዎቹ ፕሮግራሞች ከእነዚያ ይልቅ ሀብታም ናቸው፤ ስለተቋረጠ መስመር ያላቸው እውቀት ግን ከእነዚያ ያነሰ ይመስለኛል።

በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ፣ ከድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ፣ ኢንተርኔት ለሳምንታት ተቋርጦ ነበር። አዲስ ደብዳቤ አልመጣልንም። ሆኖም ደብዳቤው ዲስኩ ላይ የነበረ ቢሮ የትኛው ኮንቴይነር የት እንዳለ፣ ከማን ጋር ምን እንደተዋዋለ ከፍቶ ማየት ይችል ነበር፤ ሁሉን ነገር ብራውዘር ውስጥ ያስቀመጠው ባዶ ገጽ ላይ ያፈጥጥ ነበር። እናንተ የምታስቡት ተጠቃሚ መስመሩ ሌሊትና ቀን የማይጠፋበት ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ብራውዘር ይበቃዋል። ዴስክቶፑ የሚያስፈልገን እኛ ነን፣ የሚሠራው ግን ለእሱ ነው።

ነገሩም ወደ ብራውዘሩ እያዘነበለ ነው። ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ ጋር ይመጣ ለነበረው ሜይል ለተባለው ፕሮግራም የሚሰጠውን ድጋፍ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 2024 አቁሞ ተጠቃሚውን ወደ አዲሱ አውትሉክ መራ። አዲሱ በድር ቴክኖሎጂ የተሠራ ነው፤ ብቅ ሲል ያለ ኔትወርክ የመሥራት ችሎታ አልነበረውም፣ ቆይቶ ነው የተጨመረለት። እናንተም ያንን ጎዳና ልትከተሉ እንደምትችሉ ስለሚገባኝ ከወዲሁ እለምናለሁ፦ ያለ ኔትወርክ መሥራት በመጨረሻ የሚለጠፍ ጌጥ አይሁን።

ወደ ችግሮቻችን ልመለስና መብራትን ላንሣ። ከቢሯችን ኮምፒውተሮች አንዳንዶቹ አሮጌ ናቸው፤ ማዘርቦርዳቸው ላይ ያለችው የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ ካለቀች ቆይታለች። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የኮምፒውተሩ ሰዓት ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። የሰርቨሩ የደኅንነት ሰርተፍኬት ደግሞ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው፤ ኮምፒውተሩ በራሱ ሰዓት ሲመለከተው ሰርተፍኬቱ ገና አልተወለደም። ግንኙነቱ ይከለከላል፤ መከልከሉም ትክክል ነው። ፕሮግራማችሁ ግን ለሰውየው የሚነግረው «ከሰርቨሩ ጋር መገናኘት አልተቻለም፤ የተጠቃሚ ስምዎንና ፓስዎርድዎን ያረጋግጡ» ብሎ ነው። እሱም ፓስዎርዱን ደጋግሞ ያስገባል፣ ይቀይረዋል፣ የቀየረውን ስልኩ ላይ ማስተካከል ይረሳል፣ ስልኩም አልከፍት ይላል። አንድ ቀን ሙሉ በዚህ ያልቃል። ክሮም ብራውዘር እንኳ በዚህ ጊዜ የኮምፒውተርዎ ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል ብሎ ለይቶ ይናገራል። እናንተ አንድ እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር መጻፍ ምን ያህል ያስከፍላችኋል?

ፓስዎርድ ከተነሣ፣ ጉግል እ.ኤ.አ. ሜይ 30 ቀን 2022 ለግል ተጠቃሚዎች፣ ማይክሮሶፍትም ከዚያው ዓመት ኦክቶበር ጀምሮ ለድርጅቶች፣ በስምና በፓስዎርድ ብቻ የሚገባ ፕሮግራምን መከልከል ጀምረዋል። ምክንያታቸው ይገባናል፤ የተሰረቀ ፓስዎርድ የብዙ ነጋዴ ገንዘብ ወደ ሌላ የባንክ ሒሳብ እንዲሄድ አድርጓል፣ በእኛም ሙያ ይህን የማይፈራ የለም። የማይገባን ያረጀ ፕሮግራም ትክክለኛውን ፓስዎርድ እየተቀበለ ስህተት ነው ማለቱ ነው። ሰርቨሩ በዚህ መንገድ ማስገባት አቁሟል፣ ፕሮግራሙን ያድሱ ቢል ሰው ያድሳል። ስህተት ነው ሲባል ግን ራሱን ይጠራጠራል፤ የረሳ፣ የተሰረቀ፣ የተሰለለ ይመስለዋል። በዕድሜ የገፉ አንድ አስመጪ፣ ጋሼ የምንላቸው፣ በዚሁ ሰበብ ኢሜይል ትተው ሰነዱን በሹፌር መላክ ጀምረዋል። አልፈርድባቸውም።

ደብዳቤው ስለሚቀመጥበት ፋይል ብዙ አልልም፤ ታሪኩን ታውቁታላችሁ። እስከ አውትሉክ 2002 በነበሩት የፕሮግራሙ ዓይነቶች ፒኤስቲ የተባለው ፋይል ከ2 ጊጋባይት ማለፍ አልነበረበትም፤ ያለፈበት ሰው ፋይሉን ለመክፈት ከፊሉን ቆርጦ ለመጣል ይገደድ ነበር። ያ ወሰን ከአውትሉክ 2003 ጀምሮ ተነሥቷል። አንዳንድ ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ኤምቦክስ ደግሞ የአንድን ማኅደር ደብዳቤ ሁሉ በአንድ ፋይል ይደረድራል፤ የሰረዛችሁት ምልክት ብቻ ይደረግበታል እንጂ ፋይሉ እስኪጨመቅ ድረስ ከቦታው አይነቃነቅም። ሲጨመቅ መብራት ከጠፋ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ያውቀዋል። አዲሱን ፋይል ጽፋችሁ ሳትጨርሱ አሮጌውን አትንኩ፤ የምለው ይህን ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲያ አማርኛችን አለ። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዊንዶውስም በቪስታ ኒያላ የተባለውን የፊደል ቅርጽ ይዞ መጣ። ስለዚህ አራት ማዕዘን ሳጥን ማየት በአብዛኛው ቀርቶልናል። የርእስ መስመሩ ግን ዛሬም ይሰበራል። ምክንያቱን ፈልጌ አግኝቼዋለሁ። እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይይዛል፤ በቤዝ64 ደግሞ አራት ምልክት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ደንብ በርእስ መስመር ላይ አንዱ የኮድ ቁራጭ ከ75 ምልክት አይብለጥ ይላል፤ መክፈቻና መዝጊያው ሲቀነስ ለ15 ፊደል ያህል ቦታ ይተርፋል። ረዘም ያለ የአማርኛ ርእስ ስለዚህ መቆራረጡ የግድ ነው። ደንቡ ግን ፊደል መሐሉ ላይ እንዳይቆረጥም ያዛል። ፕሮግራማችሁ ባይት ቆጥሮ ይቆርጣል፤ ግማሽ ፊደል እዚህ፣ ግማሹ እዚያ ይቀራል፣ ተቀባዩም የጥያቄ ምልክት ያነባል። በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው ይህ ፈጽሞ ስለማይደርስበት ፈታኞቻችሁ አላዩትም። በአማርኛ ርእስ ፈትኑት።

ፍለጋውስ? «ፀሐይ» ብዬ ስፈልግ «ጸሀይ» ብሎ የጻፈው ደንበኛ አይገኝም። «ኃይሌ» ስል «ሀይሌ» የለም። «ገብረ መድኅን» ስል «ገብረ መድህን» የለም። እኛ ስንጽፍ ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን እናቀያይራለን፤ የሚኮንነን ሊቅ ይኮንነን፣ የንግድ ደብዳቤ ግን እንዲህ ነው የሚጻፈው። ይኸው ፕሮግራማችሁ በፈረንሳይኛ ሲፈለግ ምልክት ያለበትንና የሌለበትን ፊደል አንድ አድርጎ ያገኛል፤ ስለዚህ አሠራሩን ታውቁበታላችሁ። የሚጎድለው የአማርኛ ሞክሼ ፊደላት ዝርዝር ነው፤ እሱም ከግማሽ ገጽ አይበልጥም። ከፈለጋችሁ ጽፈን እንልክላችኋለን።

ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ እንሥራ ካላችሁ፣ አውትቦክሱን ሥሩ። 250 ሳይመጣ «ተልኳል» አትበሉ። ያልሄደ ደብዳቤ ካለ ፕሮግራሙ ሲዘጋ ተናገሩ፤ ትንሽ ምልክት ጥግ ላይ ለጥፋችሁ አትለፉት፣ ሰውየው አይቶ እስኪመልስ መስኮቱ አይዘጋ። አንዱ ከባድ ደብዳቤ ሲቀረቀር ቀላሎቹ አልፈውት ይሂዱ። የቅጂ ማስቀመጡ ካልተሳካ፣ ደብዳቤው ሄዷል፣ ቅጂው ግን ሰርቨሩ ላይ አልተቀመጠም በሉ። የቀረው ሁሉ ተራውን ይጠብቃል፤ አማርኛው እንኳ እስከ ዛሬ ጠብቋል።

ፕሮግራሙን ልትተዉት ከሆነም ቀኑን በጊዜ አሳውቁን፤ ደብዳቤዎቻችንን ሌላ ፕሮግራም በሚከፍተው ዓይነት ፋይል፣ ከነአታችመንታቸው፣ ከነቀናቸው አውጥተን የምንወስድበትን በር ክፈቱልን። በውስጣቸው ገና ያልተዘጋ የጉምሩክ ጉዳይ፣ ያልተጠናቀቀ የኢንሹራንስ ክርክር አለ።

መልሳችሁ በእንግሊዝኛም ቢሆን እናነባለን። «ፕሮፋይሉን አጥፍተው ፕሮግራሙን እንደገና ይጫኑት» የሚል ከሆነ ግን ባትልኩት ይሻላል፤ እሱን ሞክረነዋል፣ የዓመታት ደብዳቤ በዚህ መስመር እንደገና ለማውረድም ያለን ጥቅል አይበቃም።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ የአዲስ አበባ ጉምሩክ አስተላላፊ